የኔ ነው ያለችው ጽሕፈት

ሩቅያ መሞቷን የነገረኝ ገብስ ነጋዴ ነው። አሰላ ገበያ ለበሶ የሚሆን ገብስ በእጄ እያፈስኩ ሳይ፣ እሱ ደግሞ የበቆጂ ለመሆኑ እየማለልኝ፣ «ትናንት ይዤልዎት ልመጣ ነበር እኮ፤ ሰፈራችን አንዲት እናት አርፈው ቀብር ዋልኩ» አለኝ። «ማን ናቸው?» አልኩት ለወጉ ያህል። «አዴ ሩቅያ ይባላሉ። ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አላውቃቸውም» አልኩት።

ገብሱን ሳልገዛ ወጣሁ። መንገድ ስሻገር ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የተናገረኝን ሁሉ ሰምቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ አሳልፌ በጡረታ የወጣሁ፣ ልጆች ያስተማርኩ፣ ዕድር ላይ ነገር ሲከር «እስቲ ብርቄ ትናገር» የምባል ሴት ነኝ። ያቺ ሴት ባትኖር ከዚህ አንዱም አይኖረኝም ነበር። እና አላውቃቸውም አልኩ፤ ያውም ለገብስ ነጋዴ፣ ባውቃት ምንም ለማያደርገኝ ሰው።

ስለዚህ ማን እንደነበረች ልጻፍ። በመጀመሪያ ነገር፣ ዝምተኛ አልነበረችም።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ የወተት መቀበያ ነበር። አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ እኛ ወተት ቤት እንለዋለን። ጠዋት ጠዋት የገበሬ ሚስቶች ወተታቸውን አዝለው ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ወተቱ ይመረመርና እንስራ በሚያህሉ ጣሳዎች ውስጥ ይገለበጣል፤ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ አሰላ ይወስደዋል። የምትመረምረው ሩቅያ ናት። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር ሴት ነበረች። ነጩ ጋዋኗ ለወንድ የተሰፋ ስለሆነ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ታጥፈዋለች።

እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቴ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት የእናቴን ወተት የማደርሰው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ሩቅያ የቅሉን ክዳን ከፍታ አሸተተችና ሳቀች።

«ማነው ያጠነው?»

«እናቴ ናት። በወይራ» አልኩ ኮራ ብዬ። የወተት ዕቃ በማጠን እናቴን የሚወዳደራት አልነበረም።

«ያ ረቢ! እኔ ብሆን አሁኑኑ ጭልጥ አደርገው ነበር። አሰላ ወተቱን የሚረከቡት ፈረንጆች ግን ጢስ ጢስ ይላል ብለው ይመልሱታል። ነገ ዕቃውን በፈላ ውሃ ብቻ አጥባችሁ አምጡ። ለእናትሽ ግን ‹ጥሩ አይደለም አሉ› እንዳትያት። ‹እዚያ ያሉት ሰዎች ጣዕም አያውቁም› በያት።»

እንዳዘዘችኝ ነገርኳት። እናቴ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ለፈረንጆቹ ከልቧ አዘነችላቸው።

የሩቅያ ችሎታ እዚህ ላይ ነበር። በእኛ አገር ሰው ያመጣውን ወተት መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ወተት መሬት ሲፈስ ማየት አይወድም፤ ሴትን በሰው ፊት «ወተትሽ ተበላሽቷል» ማለት ደግሞ ቤቷን መስደብ ነው። ምርመራው ራሱ ከባድ አይደለም። ትንሽ ወተት በማንኪያ ቀድታ በአልኮል መብራት ላይ ታፈላዋለች። ካልረጋ ይገባል፤ ከረጋ መጎምዘዝ ጀምሯል ማለት ነውና አይገባም። ማንኪያው ላይ ሲረጋ ሩቅያ ፊቷ አይለወጥም። «ኮቱ አዴ፣ እስቲ ይምጡ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» ትልና የሴትዮዋን እጅ ይዛ ወደ ጓሮ ትወስዳለች። እዚያ ወተቷን በራሷ ዕቃ ትመልስላትና «ይሄ እርጎ መሆን ፈልጓል፤ ለቤት ያድርጉት» ትላታለች። ሰልፍ ላይ ያለው ሰው አንዳችም አይሰማም። አንዳንዷማ ምክር የተጠየቀች መስላ እየተጀነነች ትመለስ ነበር።

ይህን እያየሁ እዚያው ቀረሁ። በመጀመሪያ ወተት አድርሼ ትንሽ እቆም ነበር፤ ቆይቶ ጣሳ አጣቢ አድርገው ቀጠሩኝ። ሩቅያ ግን ጣሳ ብቻ እንዳጥብ አልተወችኝም። «አንብቢው!» ትለኛለች፤ ያገኘችውን ሁሉ። የሙቀት መለኪያውን ቁጥር፣ የሳሙናውን ወረቀት፣ የሚያልፈውን መኪና ታርጋ። ባላነብ ጆሮዬን ቆንጠጥ ታደርጋለች፤ ካነበብኩ ደግሞ ገና ሳልጨርስ ሌላ ታመጣለች። አፌ ከእግሬ የሚቀድም ልጅ ስለነበርኩ አንድ ቀን፣ «እትዬ ሩቅያ፣ ጣሳ ለማጠብ ይሄ ሁሉ ንባብ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«እኔም እንዳንቺ አጣቢ ነበርኩ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሷን ታሪክ ቆርሳ ቆርሳ ትነግረኝ ጀመር። ተቀምጣ አይደለም፤ እየሠራች። አባቷ በበቆጂ በኩል የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። አራተኛ ክፍል ስትደርስ ከትምህርት አስወጣት። አክስቷ ዘንድ መጥታ በዚሁ ወተት ቤት የመስታወት ዕቃ አጣቢ ሆነች። ያኔ የሚመረምረው ሰውዬ መለኪያውን ሳያይ ቁጥር የሚጽፍ ኖሯል። እሷ ዕቃውን ከማጠቧ በፊት ቁጥሩን ታነብና በከሰል መዳፏ ላይ ትጽፋለች፤ ሰውዬው ሲወጣ ከመዝገቡ ጋር ታስተያያለች። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አድርጋ አንድ ቀን ለኃላፊው፣ «ይሄ ሰውዬ የሚጽፈውና ዕቃው የሚለው አይገናኝም» አለችው። ሁሉም ተሰብስቦ «እስቲ አንቺ ለኪ» ተባለች።

«እጄ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ!» አለችኝ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያልኩ በኦሮምኛ ቆጠርኩ፤ ስቆጥር ይቆምልኛል። ከዚያ አነበብኩ። ልክ ነበር።»

አሰላ ወስደው ሦስት ወር አሠለጠኗት። ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። ደብተሯን እየደበቁባት ቢያስቸግሯት፣ ክፍል ውስጥ የሰማችውን ቤቷ እስክትደርስ መንገዱን ሁሉ ጮክ ብላ እየደገመች ያዘችው። «ሰዉ እብድ ናት ይል ነበር» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ትታ አየችኝ። «የኔን የምነግርሽ በኔ መንገድ ሂጂ ብዬ አይደለም ብርቄ። እንደሚኬድ እንድታውቂ ነው።»

መመርመር አስተማረችኝ። መዝገብ ላይ መጻፍም አስተማረችኝ። ስለ መዝገቡ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ «ያየሽውን ጻፊ። የፈለግሽውን አይደለም፤ ያየሽውን» ትላለች። ፊደሏ ትናንሽ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የ«ለ» እግሩ ረዘም የሚል ነበር። ስለምወዳት እሱንም ቀዳሁት። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የኔን ጽሕፈት ከሷ የሚለይ ሰው አልነበረም፤ አንዳንዴ እኛም ራሳችን እየተሳሳትን እንስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆችን ለላቦራቶሪ ረዳትነት የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት እንዳለ ሰማች። ከኔ ይልቅ እሷ እንቅልፍ አጣች። ፎርም አስመጣች፤ ጉርድ ፎቶግራፍ እንድነሳ አሰላ ላከችኝ። የቀረው አባቴ ነበር። ያለ አባት ፊርማ ፎርሙ ዋጋ የለውም፤ አባቴ ደግሞ «ሴት ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ጠፍታ ነው የምትቀር» ብሎ በሩን ዘግቷል።

ሩቅያ አንድ እሁድ ቤታችን መጣች። ጋዋኗን አጥፋ ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ዝቅ ያለው መደብ ላይ ተቀመጠች። ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጭላሎ ተራራ ደመና አወራችው። ከዚያ፣ «አባባ፣ ላሟን ልይ?» አለችው። ወደ በረት ስንሄድ ጆሮዬ ላይ፣ «እኔ አላይም፤ አንቺ ነሽ የምታይው» አለችኝ።

ላማችንን ዳልቻን ከአራቱም ጡቶቿ ጥቂት ጥቂት አለብኩና ጥቁር ሳህን ላይ አየሁት። ከአንደኛው ጡት የወጣው ውስጥ ቀጫጭን ክር የመሰለ ነገር ነበር። «አባዬ፣ በስተቀኝ የኋለኛው ጡቷ ታሟል» አልኩት። አባቴ ሳቀ። ዝቅ ብሎ ጡቷን ሲነካው ግን ትኩስ ነው፤ ላሟም ልትረግጠው እግሯን አነሳች። አባቴ ተነስቶ እጁን በጋቢው እየጠረገ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ይሄንን ከየት አመጣሽው?»

«ከእትዬ ሩቅያ።»

«አዲስ አበባ የምትማረው ደግሞ ለላም አይደለም፤ ለሰው ነው» አለች ሩቅያ ቀስ ብላ። አባቴ ያን ዕለት ማታ ፎርሙ ላይ አውራ ጣቱን አተመ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

ከፎርሙ ጋር ከመሥሪያ ቤት የምስክርነት ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሩቅያ የጻፈችልኝን ለአሰላው ኃላፊ ልካ አስፈረመችው። ጠንቃቃ ናት፣ እውነተኛ ናት ይላል። ነገሩ ሲጓተት ግን ፎርሙ አሰላ የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ። በፖስታ አይደርስም፤ በሰው መላክም አላመነችም። ጎህ ሲቀድ ራሷ በአውቶቡስ ልትወስደው ቆረጠች። ሥራዋን ጥላ መሄድ እንደማይፈቀድላት እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ጋዋኗን አውልቃ አለበሰችኝ፤ እጅጌውን ራሷ አጠፈችልኝ።

«ዛሬ የምትመረምሪው አንቺ ነሽ። ታውቂያለሽ። የረጋ ካለ ጓሮ ውሰጂያቸው። አይዞሽ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ሁሉም ደህና ሄደ። እንዲያውም ኮራሁ። መኪናው መጥቶ ጥሩምባ መንፋት ሲጀምር ሰልፉ ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ አንዷ አኮ ቡሌ ነበሩ። አኮ ማለት አያቴ እንደ ማለት ነው። የሰፈሩ አዋላጅ እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ከእናቴ ሆድ የተቀበሉኝ እሳቸው። ሩቅ መንገድ በእግራቸው መጥተው ላብ በላብ ሆነዋል። ጋዋኑን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ኑ እዩ! በዚህ እጄ የተቀበልኳት ልጅ ሐኪም ሆና!» አሉ ወደ ሰልፉ ዞረው። ሴቶቹ እልል አሉ።

ወተታቸውን በማንኪያ አፈላሁት። ረጋ።

አየሁት። ጥርጥር አልነበረውም፤ ማንኪያው ላይ ቁርጥርጥ ብሎ ተቀመጠ። አኮ ቡሌ ግንባሬን ሊስሙኝ እየተጠጉ ነው። ሴቶቹ ያዩኛል። ሹፌሩ ጥሩምባውን አንዴ በረጅሙ ነፋው። ጓሮ ልወስዳቸው እችል ነበር፤ ሩቅያ ነግራኛለች፤ መቶ ጊዜ ስታደርገው አይቻለሁ። ግን እነዚያ እልል ያሉ ሴቶች ፊት የመጀመሪያ ሥራዬ የአዋላጄን ወተት መመለስ እንዲሆን አልፈለግኩም። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ከይሉኝታው ጋር ደግሞ ኩራት። ወተቱን ጣሳው ውስጥ ገለበጥኩት። መዝገቡ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያ ወደ ግራ ባዘነበለ ፊደል። አኮ ቡሌ መርቀውኝ ሄዱ።

ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ሩቅያ ተመለሰች። አቧራ ለብሳለች፤ ጥርሷ ግን አልተከደነም። «ገባ! በእጄ አስገባሁት!» ብላ አቅፋ አሽከረከረችኝ። «እዚህስ ምን ነበር?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው በላንድሮቨር ከአሰላ መጣ። የዚያን ዕለቱ የኛ ወተት አሰላ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሲፈላ ሁሉም ረግቶ ተደፍቷል። ጣሳዎቹ የየትኛው ጣቢያ እንደሆኑ ታውቋል። ኃላፊው ኮፍያውን ሳያወልቅ መዝገቡን ገለጠና በጣቱ መታው።

«በዚህ ቀን ሁሉም ደህና ነው ይላል። ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። ሩቅያ መዝገቡን አየች። የሷ ጽሕፈት ይመስላል፤ ግን በዚያ ቀን እንዳልጻፈች እሷ ታውቃለች። ወደኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንድናገር የሚጠብቅ ፊት ነበር፤ ቁጥር ሳነብ እንደምትጠብቀኝ ዓይነት። ኃላፊውም ተከትሎ ዞረ።

«አንቺስ? ትመረምሪያለሽ እንዴ?»

ኪሱ ውስጥ ስለኔ የፈረመው ወረቀት ያለ መሰለኝ። ጠንቃቃ ናት፣ እውነተኛ ናት የሚለው። እውነቱን ከተናገርኩ ያ ወረቀት ይቀደዳል፤ አዲስ አበባም ይቀራል። በኋላ ለራሴ፣ «አባቴን ፈርቼ ነው»፣ «ልጅ ነበርኩ» እያልኩ ብዙ ምክንያት ደርድሬያለሁ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ ያንንም በደንብ አስቤ ነው ያደረግኩት።

«እኔ ጣሳ ነው የማጥበው» አልኩት።

ሩቅያ ወደ መዝገቡ ዞረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የምትቆጥር መሰለኝ። ከዚያ ለኃላፊው፣ «ጽሕፈቱ የኔ ነው» አለችው። «የመረመርኩት እኔ ነኝ። እሷ አጣቢ ናት።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ያየውን አመነ፤ እኛ ያሳየነውን። ላንድሮቨሩ ከሄደ በኋላ ሩቅያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማንኪያው ላይ ረግቶ ነበር?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች። «ዛሬ ትምህርት ቤት እንዳትቀሪ፤ ረፍዶብሻል።»

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ፣ ለአባቴ ብትነግርብኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም። ደብተሬን አንስቼ ሄድኩ፤ እውነትም ረፍዶብኝ ስለነበር ሮጥኩ።

ከምርመራው አነሷት። በምትኩ ከአሰላ አንድ ሰው መጣ፤ እሷን ከፈለግሽ ጣሳ ማጠብ ትችያለሽ አሏት። ሁለት ወር አጠበች። እኔ እናቴ ታማለች ብዬ ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። እናቴ ጤነኛ ነበረች። ወተታችንንም ታናሽ እህቴ እንድታደርስ አደረግኩ። የትምህርት ቤቱ ጥሪ መጥቶ አዲስ አበባ ልሄድ አውቶቡስ የተሳፈርኩ ቀን፣ ወተት ቤቱ ጋ ስንደርስ ሩቅያ ውጪ ጎንበስ ብላ ታጥባለች። ድምፁን ሰምታ ቀና አለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ በየመስኮቱ ታይ ጀመር። በዚያ ሳምንት እንደምሄድ ሰምታለች። እኔ መቀመጫው ስር የወደቀ ነገር የምፈልግ መስዬ አጎነበስኩ፤ ወተት ቤቱ ወደ ኋላ እስኪቀር ድረስ ቀና አላልኩም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» ብለው አብረውኝ ፈለጉ።

በሚቀጥለው ዓመት አገሩ ሁሉ በአድማ ተናወጠ፤ ንጉሡም ወረዱ። እኔ አዲስ አበባ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና አላልኩም። ሩቅያ አግብታ ወደ በቆጂ መሄዷን ሰማሁ። አንድ ጊዜ ከኛ ሰፈር የመጣ ተማሪ መልእክት አመጣልኝ። «እትዬ ሩቅያ ሰላም ብላሻለች። በዚያ መሣሪያ ውስጥ ሲያዩ ምንድነው የሚታየው ብለህ ጠይቅልኝ ብላለች።»

ይህን ብቻ ነው የጠየቀችኝ። አንድ ገጽ ጽፌ ብልክላት ምን ነበረበት? ሥዕል ሠርቼ ብልክላትስ? ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፤ ከዚያ ዓመት ሆነ፤ ከዚያ መጻፍ ራሱ አሳፋሪ ሆነ።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎችን እንዳበረታታ ጠራኝ። የሥራ ሕይወቴን ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «እርስዎን ማን አበረታታዎት?» አለችኝ። «ቆራጥነቴ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የተናገርኩት ሁሉ፣ ቆም እያልኩ የማየው አስተያየት ሳይቀር የሩቅያ ነበር፤ ስሟን ብቻ ሳልጠራ ቀረሁ። ስሟን ብጠራ የሚቀጥለው ጥያቄ «አሁን የት ናት?» እንደሚሆን አውቅ ነበር።

ገብስ ነጋዴው በነገረኝ በማግስቱ በቆጂ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጇ ሳዲያ ተነስታ ተቀበለችኝ። በቁመት እናቷን ናት፤ አይቼ ደነገጥኩ። እጇ የአፈር ሠራተኛ እጅ ነው። አጠገቧ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ልጇ አለች።

«እናቴን ከየት ያውቋታል?» አለችኝ።

«ወተት ቤት አብረን ሠርተናል። የወተት መርማሪ ነበረች፤ በዚያ ሁሉ አገር የመጀመሪያዋ ሴት።»

ሳዲያ አፏን ከፍታ አየችኝ። «እናቴ? ጣሳ ታጥብ እንደነበር ነው የምናውቀው። እሱንም እሷ አይደለችም የነገረችን፤ አጎቴ ነው። ስለ ሥራ አንስታ አታውቅም። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስተው እንኳ ምንም አላለችኝም።»

ያቺ ለኔ ታሪኳን ቆርሳ ቆርሳ የምታጎርሰኝ ሴት ለገዛ ልጇ አንዲት ቁራሽ አላስቀረችላትም። ለምን እንደተወችው እኔ አውቃለሁ። ማውራት ጀመርኩ። መዳፏ ላይ በከሰል ስለመጻፏ፣ በኦሮምኛ ስለመቁጠሯ፣ መንገድ ለመንገድ ትምህርቷን ጮክ ብላ ስለመድገሟ፣ ሴቶቹን ጓሮ እየወሰደች ስለማክበሯ ነገርኳቸው። ሴቶቹ ወደኔ ተጠጉ። ሳዲያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። ልጅቷ ጉልበቴ ሥር መጥታ ቁጭ አለች፤ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም።

«ከዚያስ?» አለችኝ። «ለምን ተወችው?»

ሁሉም ጠበቁኝ። ከኔ በቀር ይህን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው የለም። አፌን ከፈትኩ።

«ታመመች» አልኩ። «ታማ ነው የተወችው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሳዲያ ተነስታ ሁለቱን እጆቼን ያዘችና፣ «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለችኝ። «እናቴን ዛሬ ነው ያወቅኳት። እንዳከበሩልኝ እርስዎንም ያክብርዎ።» ሴቶቹ ሁሉ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።

እኔም አሜን አልኩ።